እሳት ልትጭር የመጣችው ሴትና የወንድሜ ቴሌቪዥን

በዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አራት ነን፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ታደሰ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ አልማዝና ጎረቤታችን እማማ አስቴር፣ ባለቤቴ ቡና ሊገዛ ፍስሐ ገነት ሄዶ ነበር፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ አምስተኛ ሰው ሳነሳ ግራ እንዳይገባችሁ ብዬ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ ባልማርም ጥላ አይታ የምትደነግጥ ሴት አይደለሁም፣ የምፈራው የሚታየውን ነው፣ የፈላ ውሃ፣ ያልተከደነ ጉድጓድ፣ የተሰነጠቀ ብርጭቆ። ጂን አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ራቱን በልቶ ይተኛ እል ነበር።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው፣ ዲላ። ታደሰ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ እናታችን ስትሞት ገና ስድስት ዓመቱ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ከልጄ ለይቼ አላየውም። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን አሮጌ ቴሌቪዥን ላከለት፣ ሥዕሉ ያኔ ዲላ አይደርስም፣ እሱ ግን አንድ ቀን ይደርሳል፣ ያን ቀን ጠጋኙ እኔ ነኝ ብሎ በዕቃው ሌላ ሰው ሆነ።

አንድ ልማድ ነበረው። ያኔ ወደ እሱ የሚመጡት ራዲዮዎች ሁሉ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ነበሩ፣ ኃይል ይኑራቸው አይኑራቸው ለማወቅ ሲፈልግ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቦውን ነካ ያደርጋል፣ ቆንጠጥ ካደረገው አለ፣ ካላደረገው የለም። በከተማው ያሉ ጠጋኞች ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፣ ማንም ሲጎዳ አላየንም።

የከተማው ሞተር የሚነሳው ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መብራቱ እንደመጣ ታደሰ ቴሌቪዥኑን ከፈተው፣ እስኪሞቅ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ መስታወቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ይንሿሿ ጀመር። እማማ አስቴር ልባቸው እስኪጠፋ ሳቁበት፣ ዝናብ ለማየትማ ደጅ ብወጣ ይሻለኛል፣ ይኸው እየዘነበ ነው አሉት። እሱም ሳቀ። ጥቂት እንደቆየ አንድ ነገር ቀጭ አለና መስታወቱ ጨለመ።

ሶኬቱን ነቀለው፣ እመኑኝ፣ እኔ እንዴት እንደምፈራ ታውቃላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄው አላመንኩትምና ሄጄ ሶኬቱን በእጄ ያዝኩት። ካቻቢቴውን አነሳና ጀርባውን ፈታው። ያኔ ነው ነገሩ ያላማረኝ። መጀመሪያ ቅቤ መጥበሻ ላይ ሲነጠር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ጠጋ ስል የክንዴ ፀጉር ቆመ፣ ከዚያ አልማዝ በጣቷ ጠቆመች፣ በጨለመው መስታወት መሐል ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ ቀርታ ታበራለች። ተው ነገ ይደርሳል አልኩት።

«እታለም፣ ሶኬቱ አንቺ እጅ ላይ ነው፣ ኮረንቲውን ከየት ያመጣል?» አለኝ። ይህን ብሎ እንደለመደው ጣቱን ላሰና ከመስታወቱ ጀርባ ወደተለጠፈው የጎማ ቆብ እጁን ሰደደ።

በዚህ ጊዜ ከበር ላይ እሳት ልጭር ነበር የሚል ድምፅ ሰማን። ሁላችንም ዞርን። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፣ ነጠላዋ በዝናብ ረጥቧል፣ ፍም የምትወስድበትን ገል ይዛለች፣ እኔን ግን አላየችኝም፣ ዓይኗ ታደሰ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ እጅህን መልስ። ተነቀለ እንጂ ገና አልተኛም» አለችው።

እሳት እንደነካው ሁሉ እጁን ሳበው፣ ሲደነግጥ በሌላ እጁ የያዘው ካቻቢቴ አመለጠውና በጎማው ቆብና ከሥሩ ባለው የቴሌቪዥኑ ብረት መሐል ወደቀ። ጧ አለ፣ ሰማያዊ እሳት ቤቱን አበራው፣ ካቻቢቴው ተስፈንጥሮ ግድግዳ መታ፣ ስናነሳው ጫፉ ቀልጧል። ልጄን አቅፌ ወደ በሩ ብዞር ማንም የለም። ደጅ ወጣሁ፣ ወደ ታች እስከ ሰፈራችን ወፍጮ ቤትም ወደ ላይም መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል፣ ሰው የለበትም።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርኩ። እሳት የሚጭር ሰው እኮ የቅርብ ጎረቤት ነው፣ ከሩቅ ገል ይዞ ማን ይመጣል፣ ፍሙ መንገድ ላይ ይጠፋበታል። ከእኛ ሰፈር ግን ያን ማታ እሳት ፍለጋ የወጣች ሴት አልነበረችም፣ መልኳንም ስነግራቸው የሚያውቃት ጠፋ።

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ፣ እማማ አስቴር የጌዴኦ ሰው ናቸው፣ ጸሎተኛ ናቸው፣ ቀልድ እንጂ ውሸት አያውቁም፣ ሴትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተናገረችው በጌዴኦኛ ነው ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ከሰላምታ በቀር ጌዴኦኛ አልሰማም፣ ሰማሁት የምለውም አማርኛ ነው። ታደሰ ደግሞ አማርኛው የእናታችን አገር አነጋገር ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም አንድ ላይ ሆነን ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ፍንዳታውንስ በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ጠጋኝ አስረዳን፣ መስታወቱ ኮረንቲ ያጠራቅማል፣ ምድጃ እሳቱ ከወጣለት በኋላ ጉልቻው እንደሚያቃጥል ሁሉ ተነቅሎም ብዙ ይቆያል፣ በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አስቀድሞ ወደ ብረቱ ካላወረዱት ይገድላል፣ ሲሠራም አንዱን እጅ ወደ ኋላ አድርጎ ነው አለን። ሴትዮዋን ግን ማን ያስረዳኝ?

ታደሰ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፣ ተመስገን፣ ጣቱንም መላስ ያን ቀን ተወ። እሱ በሰላም ገብቶ በሰላም ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ቅቤ ይጠጣል፣ ሲመሻሽ በር ላይ ድምፅ ስሰማ ግን አሁንም ቶሎ አልዞርም።

በዚያን ዘመን ዲላ፣ ከወፍጮ ቤቱ አካባቢ የነበራችሁ፣ ወይም ከወናጎ በኩል የምትመላለሱ፣ ያቺን ሴት የሚያውቅ፣ በሕይወት መኖሯን የሰማ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።