በሙሉ ድምፅ

«ውሳኔውን የምትደግፉ፣ እጅ!» አለ ቶለሳ።

የስምንተኛ «ለ» ክፍል እጆች ባንድነት ወደ ላይ ወጡ። ባዩሽም አወጣች። ማንም እንዳይጠረጥራት ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ አጠገቧ ከተቀመጠችው ከአበራሽ እጅ እንኳ ከፍ አድርጋ ነበር ያወጣችው። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ብቻውን የቆመውን ሾዴን ላለማየት ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

የክፍሉ አለቃ ቶለሳ እየቆጠረ መጥቶ መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። የባለሱቁ የሸፊ ልጅ ዘይነብ ሁለት እጆቿን ዴስኩ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ዘይነብ፣ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ሾዴ ሲቀደው አላየሁም። ላላየሁት ነገር እጄን አላወጣም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ «አድኃሪ!» ብሎ ጮኸ። ዘይነብ ማን እንደሆነ እንኳ ዞራ አላየችም።

ነገሩ የመጣው በቀዩ መፈክር ነው። ለሚያዝያ ሃያ ሦስት ሰልፍ የተዘጋጀው ጨርቅ ሰኞ ጠዋት ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሲወርድ መሐል ለመሐል ተቀዶ ተገኘ። ማን ቀደደው ሲባል አበራሽ ከሁሉም ቀድማ ተነሣችና «ሾዴ ሲነካካው አይቼዋለሁ» አለች። መንካቱንስ ነክቶታል። የሾዴ አባት ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ጨርቁ የመጣ ቀን ሾዴ በጣቶቹ መሐል አሸት አድርጎ «ይሄማ ድሩ የላላ ነው፤ አንድ ዝናብ አይችልም» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አስቆ ነበር። ያ ቀልድ አሁን «የአብዮቱን መፈክር መናቅ» የሚል ስም ወጣለት፤ ሾዴ ጥፋተኛ ነውና ይቀጣ የሚል ውሳኔም ቀረበ።

ጨርቁን የቀደደችው ግን ራሷ አበራሽ ነበረች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እሷና ባዩሽ የጽዳት ተረኛ ሆነው ቀሩ። ጠርገው ሲጨርሱ አበራሽ መፈክሩን አውርዳ እንደ ሙሽራ ካባ ደረበችውና በዴስኮቹ መሐል ተንጎራደደች። ባዩሽ ሚዜ ሆና አጨበጨበችላት፤ ከዚያ እሷም በተራዋ ለበሰችው። አበራሽ እንደገና ስትደርበው ጫፉን የዴስክ ሚስማር ያዘውና ቸርር አለ። ሁለቱም ክው አሉ። ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አጥፈው ወደ ቦታው መለሱት።

«ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ደግፏል፤ ይበቃል አይደል ጓድ?» ብሎ ቶለሳ የፖለቲካ ትምህርት መምህሩን ጓድ ስብሐትን ጠየቃቸው።

«አይበቃም» አሉ ጓድ ስብሐት። «የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ‹በሙሉ ድምፅ› ተብሎ ነው የሚለጠፈው። ‹ሀ› ክፍል የሚወስነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ነው። እኛ ከማን እናንሳለን? ነገ ትደግሙታላችሁ። በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ ለቀበሌ ይላካል፤ አባትየውም ይጠራሉ።»

ሾዴ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። «እኔን ቅጡኝ» አለ። «አባዬን ብቻ አትጥሩብኝ። ክር የሚያገኘው ከሸማኔዎቹ ማኅበር ነው፤ ከማኅበሩ ካስወጡትኮ...»

ቀበሌ የተጠራ አባት መቼ እንደሚመለስ እንደማይታወቅ እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

ሲለቀቁ አበራሽ ባዩሽን በር ላይ ያዘቻት። «አደራ! አንቺም ለብሰሽዋል። እኔ ከተያዝኩ ብቻዬን አልያዝም።»

ባዩሽ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከእሷ ጋር መሄድ ግን አስጠላትና ወደ ቀጨኔ በሚያወርደው መንገድ ዘይነብን ተከትላ ደረሰችባት።

«ዘይነብ፣ ለምን ግን አትተዪውም? ሾዴ ጓደኛሽ ነው እንዴ?»

«ጓደኛዬ? አምና ነጠላዬ ላይ ቀለም ደፍቶ ይቅርታ እንኳ አላለኝም።»

«እና ለሱ ብለሽ ከሁሉም ጋር ትጣያለሽ?»

«ለሱ ብዬ አይደለም። አላየሁም፤ በቃ።» ትንሽ እንደሄዱ ዘይነብ ቆም አለች። «አንቺስ አይተሻል?»

«እ... ማለቴ... ሁሉም እያለ ነውኮ።»

«ካየሽ ጥሩ፤ እጅሽን አውጪ። ያየ ሰው ያውጣ» አለችና ወደ አባቷ ሱቅ ታጠፈች።

ዘይነብ ብትሰድባት ለባዩሽ ይሻላት ነበር። እቤቷ እስክትገባ ፊቷ እንደተቃጠለ ነው። ያቺ ምንም ሳታውቅ እጇን አላወጣም ትላለች፤ እሷ ሁሉን እያወቀች ከሁሉም በላይ ከፍ አድርጋ ታወጣለች። ራት ቀርቦ እናቷ «ምን ሆነሻል?» ቢሏት «ራሴን አሞኛል» አለች። ይኸው፣ ሌላ ውሸት።

በማግስቱ ተደገመ። ዘይነብ የትናንቱን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ድምፅዋንም ከፍ ሳታደርግ መለሰች። በዚህኛው ቀን የሳቀ አልነበረም። ሬድዋን እጁን ከጆሮው በላይ አላሳለፈም፤ ያወጣ ይሁን ጆሮውን የሚያክ አይለይም። ሌሎቹም ካወጡ በኋላ ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርገው ያያሉ። «አሁንም አንድ ቀረ» አሉ ጓድ ስብሐት ተናደው። «ነገም እዚሁ ነን!»

በሦስተኛው ቀን ቶለሳ ራሱ ድምፁ ደከም ብሏል። «የምትደግፉ፣ እጅ።»

ኡርጌሳ አላወጣም። ኡርጌሳ ሰኞ ዕለት «ይባረር!» ብሎ የጮኸ ልጅ ነው።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

ኡርጌሳ አንገቱን አከከ። «እኔ እንኳ... ሳስበው ሳስበው አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አለ ሬድዋን ወዲያው፣ ተራ ሲጠብቅ እንደቆየ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሊይዘው አልቻለም። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ያወርዳል፤ «አላየሁም»፣ «እኔም»፣ «እኔም አላየሁም» ይባባላሉ። ጓድ ስብሐት በጠመኔ ጠረጴዛውን ቢመቱም የሰማቸው የለም። ባዩሽ ዙሪያዋን ስታይ ጥቂት እጆች ቀርተዋል። አንዱ የአበራሽ ነው። አንዱ የራሷ።

ዓይኗ ሳታስበው ሾዴ ላይ አረፈ። እሱም የቀሩትን እጆች ያያል። እሷ ላይ ሲደርስ አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶት ብቻ አያት። መሬት ብትከፈትላት በገባች።

እጇን አወረደች።

«ባዩሽ፣ አንቺም?» አለ ቶለሳ።

ቃሉ አፏ ላይ ነበር። አላየሁም ብትል በቃ፣ ሁሉም ብለዋልና ማንም ልብ አይላትም። ሾዴም ይድናል፤ አበራሽም አትቀየማትም። ግን ያ ቃል ለኡርጌሳ እውነት ነው፤ ለሬድዋንም፣ ለዘይነብም። ለሷ ብቻ ውሸት ነው።

አበራሽ በዴስኩ ሥር ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። ዘይነብ ከመስኮቱ ዞራ አየቻት።

ባዩሽ ቀሚሷን አስለቅቃ ተነሣች።

«እኔ አይቻለሁ» አለች።