ያልነካት ትከሻ

«ተኚ፣ አትነሺ! እኛ እናነሳሻለን!» አለቻት ካሪን እየሮጠች።

ኔል ወለሉ ላይ ተንጋላለች። አራቱም የቡድን ጓደኞቿ ደረሱ። ሁለቱ እጆቿን፣ ሁለቱ ብብቷን ይዘው አቆሟት። ዳኛው አንድ እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሌላው ወደ ማዶ ያመለክታል። ልጆች፣ ይህ ምልክት የአጥቂ ፋውል ነው። ተከላካይዋ ቀድማ ቆማ ሳለ አጥቂዋ መጥታ ገጨቻት ማለት ነው።

ግን ማንም አልገጫትም።

ኔል ሁክስትራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ነው፤ ከአሳማ እርባታቸው እስከ ጎረቤት ድረስ ያለው የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው። ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። እሑድ እሑድ እናንተን ለመሰሉ ትንንሾች መዝሙር ታስጠናለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ደክሟት ነበር። የካቲት ነው፤ ሃያ ስምንተኛ ጨዋታዋ ነው፤ በዚያ ሳምንት ብቻ አሥራ አራት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጣለች።

አሰልጣኛቸው፣ ኮች የሚሏት፣ ያስተማረቻቸው እንዲህ ብላ ነው፦ «ቀድመሽ ድረሺ። እግርሽን ትከዪ። ከዚያ አጥቂዋ ደረትሽን ትምታሽ። ያማል፤ ቻይው።»

ኔል በዚህ ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች። ጎኗ በልዟል። በሦስተኛው ግን እግሯ እምቢ አላት። አርባ ሰከንድ ቀርቷል፤ የኔል ቡድን በአንድ ነጥብ ይበልጣል። የተጋጣሚ ቡድን ተጫዋች ሻኒስ ቦልደን ወደ ቅርጫቱ ስትበር አየች። እንደማትደርስባት አወቀች።

ስለዚህ ጮኸችና ወደቀች።

ኳሱ ገብቶ ነበር፤ ተሰረዘ። ለሻኒስ ደግሞ አምስተኛ ፋውሏ ነበር። አምስት የሞላባት ትወጣለች። በዚህ ውድድር የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሻኒስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሌላ ጨዋታ የላትም። ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ተቀመጠች። ሰዓቱ አለቀ። በዚያው አንድ ነጥብ የኔል ቡድን አሸነፈ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ካሪን የኔልን አወዳደቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኳ ላይ ከፈተች።

«ኑ ኑ፣ ተዋናይቷን እዩልኝ! በመካከላቸው እኮ ትራክተር ያልፋል!»

ሁሉም ሳቁ። ኔልም ሳቀች። ሳቁ ከሩጫው ይልቅ አደከማት።

«ኮች አይታዋለች?» አለች ኔል።

«አይታስ ምን ልታደርግ? አሸነፍን እኮ፣ አንቺ!»

ኔል ጫማዋን ሳትቀይር ወጣች።

ዳኛው ኮሪደሩ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ሊሄድ ነው። ሽበታም ነው። ነገ ሌላ ከተማ ሌላ ጨዋታ አለው።

«አልነካችኝም» አለችው።

ቦርሳውን አወረደ። «ከኋላዋ ነበርኩ። መጀመሪያ ጀርባዋን አየሁ፤ ከዚያ አንቺን መሬት ላይ። በደንብ አይቼው ቢሆን ስላስመሰልሽ አንቺን ነበር የማስጠነቅቀው።»

«አሁን መቀየር አይቻልም?»

«አንዴ ሜዳውን ለቀናል፣ ልጄ። ከእጄ ወጥቷል።» ዓይኑን አሸ። «ደግሞ ለምን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ያስወጣሽው እኔን አይደለም።»

ልጆች፣ ደክሟችኋል፤ አያለሁ። ትምህርቱን እዚህ ላይ ልንገራችሁ፦ በውሸት የወሰድነውን መመለስ ባንችል እንኳ፣ ወደ በደልነው ሰው ሄደን እውነቱን መናገር አለብን።

የእንግዶቹ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ኔል በሩን አንኳኳች። ሹፌሩ ከፈተላት፤ ደረጃው ላይ ወጥታ ቆመች። ሻኒስ የፊት ወንበር ላይ ናት፤ ጉልበቷ ላይ በረዶ ታስሯል።

«አልነካሽኝም» አለች ኔል። ላቧ ላይ ብርድ ገብቶባት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ለዳኛው ነገርኩት። አይመለስም አለኝ።»

«አይመለስማ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከኋላ አንዲት ልጅ ጮኸች። «ማናት? ያቺ አስመሳይ ናት? ሹፌር፣ አውርድልን!»

«ዝም በይ አንቺ፣ እኔን እያናገረችኝ ነው» አለች ሻኒስ ሳትዞር። ከዚያ ለኔል፦ «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የእውነት ነበሩ። ሁለተኛው ላይ ትከሻዬን ገድለሽኛል።»

«ቆሜ ነበር።»

«አዎ፣ ቆመሽ ነበር። ሦስተኛውን ለምን?»

«ደክሞኝ።»

«እኔስ?»

ኔል አንገቷን ደፋች።

«ካፖርትሽ የታለ?» አለቻት ሻኒስ።

«ረሳሁት።»

«ነገ ጨዋታ አለሽ። ሂጂ ተኚ።»

«እንግዲህ ትገቢያለሽ ወይስ ትወጫለሽ?» አለ ሹፌሩ። «ሙቀቱ አለቀ እኮ።»

ኔል ደረጃውን ወረደች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።