ስሞት የሚሰጠኝ ቀይ ፖስታ

ኪትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሜ ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር «በቃ!» ሲል ዓይኔን ገለጥኩ። ጸጉሩን የእንጨት ብናኝ የሞላው ሰውዬ አፍጥጦብኛል።

«እንኳን ተነሱ፣ እትዬ ፋን!» አለና ቀይ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ምንድነው?»

«ከቢሮው ነው» ብሎ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሣጥኑን የሠራው አናጢ እሱ ነው፤ እንደኔው ቻይናዊ። በኛ በቻይናዎች ወግ፣ ለፊልም የሞተ ተዋናይ ቀይ ፖስታ ካልተሰጠው ሞቱ ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ፖስታው ውስጥ አንዲት የዝንጅብል ከረሜላ ነበረች። ለካ እነዚህ የፊልም ቢሮው ፈረንጆችም ወጋችንን ያውቃሉ ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ እኮ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ መድረክ ላይ ልዕልት ነበርኩ! ሰው ቆሞ ነበር የሚያጨበጭብልኝ። ሎስ አንጀለስ ግን የፊልም አያት አደረገችኝ። ሁለት ቃል እናገራለሁ፣ እስላለሁ፣ እሞታለሁ። ከዚያ ወደ አንድ ክፍል ቤቴ። ባሌ ካረፈ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ የለም። በዓል ሲመጣ ሰው ያለ እንዲመስል ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጌ ለብቻዬ እበላለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በሞትኩ ቁጥር ኪት ይመጣል። «ከቢሮው ነው» ይላል፤ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቆመ።

«እትዬ ፋን... እሁድ ጠዋት... የሩዝ አጥሚት እሠራለሁ። እኔ ጋ ቢመጡ...»

«ከሣጥን ሠሪ ጋር? ገና አልሞትኩም እኮ!» አልኩት።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ምላሴ ይቆረጥ!

ከወር በኋላ እንደገና ሞትኩ። ዓይኔን ስገልጥ ማንም የለም። ጠበቅሁ። መብራቱን ነቃቅለው ሲወስዱ እንኳ ሣጥኑ ውስጥ ነበርኩ። በመጨረሻ ፊቴ ላይ የሬሳ ቀለም እንደተቀባሁ ቢሮው ገባሁ።

«ሞቼ ዝም ትሉኛላችሁ? ፖስታዬስ?»

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። «የምን ፖስታ? እኛ ለማንም ሰጥተን አናውቅም፣ እማማ።»

«ኪትስ?»

«ጉልበቱን ታሞ ሥራ ለቀቀ። አልነገረዎትም እንዴ?»

አሥራ አንድ ዓመት! ከቢሮው ሳይሆን ከሱ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መሳቂያ አደረግሁት።

አድራሻውን ተቀብዬ በማግስቱ፣ እሁድ ጠዋት፣ በሩን አንኳኳሁ። ዱላውን ተደግፎ ከፈተ። ከኋላው ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። ልክ እንደኔ ቤት።

«እትዬ ፋን! ምን ሆኑ?»

«ትናንት ሞትኩ» አልኩት፣ እንባዬ እየቀደመኝ። «ማንም አላስነሳኝም።»

ዱላውን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ።

«ያን ቀን የተናገርኩትን... ይቅር በለኝ፣ ኪት። ብቸኝነት ክፉ አድርጎኛል።»

እያነከሰ ወደ ውስጥ ገባ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሶ ቀይ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን አላነሳም።

«ከቢሮው ነው?» አልኩት።

ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ከኔ ነው» አለ። «ከኔ ነው፣ ፋን... በይ ግቢ፣ አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ።»