በጥጥ የጠቀለልኩት እትብት

አንዳንዶቻችሁ «የአራስ ቅዠት ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ! ሐኪሙም ብሏል።

እኔ ግን የምነግራችሁ በገዛ መኝታ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። መጋረጃው ተገልጧል። ከታች መንገዱ ላይ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል...

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሳምንት ቢሆነኝ ነው። የምታርሰኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እሷ ራሷ ወልዳ አታውቅም። የመጣች ዕለት ባሌን «እኔ እያለሁ ኩሽና ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብላ አባረረችው። ሳቅን።

በእሷ እጅ በመሆኔ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ልጁን ከእሷ ስቀበለው ጡቴን አይፈልግም። ወተቴ ሞልቶ ደረቴ ድንጋይ ሆኗል፣ እሱ ፊቱን ያዞራል።

«ጠግቧል» ትለኛለች።

«በምን?»

«በእንቅልፍ።»

የምታድርበትን ክፍልም ትቆልፋለች። ለምን ስላት «ልብሴ ተዝረክርኳል» አለችኝ። አመንኳት። እትዬን ያላመንኩ ማንን ላምን?

የዚያን ዕለት ጠዋት ልጄን ሳጥበው እትብቱ ወደቀ። ደርቆ ተኮማትሯል። እትዬ ገበያ ስለነበረች ባሌን ጠርቼ አሳየሁት። «በቃ፣ አሁን ሰው ሆነ» ብሎ የልጁን ሆድ ሳመው። እኔም እትብቱን በጥጥ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እትዬ ስትመለስ ልጁን ተቀበለችኝ። «ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ተኛሁ።

ስነቃ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እትዬ ልጁን አቀበለችኝ። ልቀይረው ጨርቁን ፈታሁ...

እትብቱ አለ።

እርጥብ ነው። ሆስፒታል የታሰረበት መቆንጠጫ እንኳ አልወለቀም።

ክው አልኩ።

«እትዬ... እትብቱ ወድቆ ነበር እኮ።»

«የት ወድቆ? ገና ነው።»

«ጠዋት በእጄ...»

«ሕልም አይተሽ ነው፣ የኔ እናት።»

ድምፄን ሰምቶ ባሌ ገባ። ተመስገን አልኩ።

«ንገራት! ጠዋት አሳይቼህ የለም?»

መጀመሪያ እሷን አየ። ከዚያ እኔን።

«አላየሁም» አለ።

የሳመው አፉ እኮ ነው «አላየሁም» ያለኝ! አልጋው ላይ ተንፏቅቄ መሳቢያውን ሳብኩና ጥጡን ፈታሁ። እትብቱ ደርቆ እዚያው አለ። በእጄ መዳፍ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላቸው።

እትዬ ወደ ባሌ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

«ወድቋል አላልከኝም እኮ...»

ያኔ ከተቆለፈው ክፍል ሕፃን አለቀሰ።

ድምፁን አወቅሁት። ጡቴም አወቀው፤ ወተቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ ቀሚሴን አራሰው። ቀና ስል የእትዬም ቀሚስ ደረቷ ላይ ርሷል... እርጥበቱ እየሰፋ ይወርዳል።

ወልዳ አታውቅም ብያችኋለሁ።

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ቀስ ብላ ወጣች። ስከተላት ባሌ በሩን ዘጋና በጀርባው ተደገፈው።

«ልቀቀኝ! ልጄን!»

«ተያት» አለኝ በሹክሹክታ። ያለቅሳል። «ቃል ገብቼላት ነበር...»

«መቼ?»

«ለእኔ ስትድርሽ።»

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። እትዬ መንገዱን እያቋረጠች ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፋለች። ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። እሷ ግን ዞር እንኳ አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ብትሞትብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ባሌን የዚያኑ ዕለት አስወጣሁት። ቃሉ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እትብቱ ያልወደቀው ልጅ እኔ ጋ ቀረ። እሱ ምን አደረገ? አጠባሁት፣ አሳደግሁት። አሁን በእግሩ ይሄዳል፣ «እማ» ይለኛል።

ሰው ፊት ግን ልብሱን አላወልቅለትም።

ዛሬም ከሰዓት ገላውን ሳጥበው ሆዱን ነካሁት። መቆንጠጫው እንዳለ ነው። እትብቱ አልደረቀም፣ አልወደቀም። ሞቅ ይላል።

ጣቴ ሥርም... ትር ትር ይላል።