የላላው ጉልበት

ልጅቷ መቀመጥ አልቻለችም። ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። በሩ በተንቋቋ ቁጥር ዘወር ትላለች።

ውስጥ የተኙት አናጢው አባቷ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ጉልበታቸው በብረት ተተክቶላቸው ነበር። አምና ሕመሙ ሲያገረሽባቸው የሚያለማምዳቸው አንድ ዝምተኛ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበር። እሷ አባቷን ስታመላልስ ከእሱ ጋር በዓይን ተግባቡ፤ ውሎ አድሮም ተዋደዱ።

ለካ እሱ «አባባ፣ ይበርቱ፣ ትንሽ ይታገሡ» በሚልባቸው ወራት ሁሉ ብረቱ ላልቶ አጥንታቸውን ከውስጥ ሲበላው ኖሯል። በመጨረሻ ራጅ እንዲነሡ የላካቸው ራሱ ነው። ጥፋቱን የነገራትም ራሱ።

«አባዬ አመመኝ ሲልህ ጆሮህ የት ነበር?» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሣችም።

ዛሬ ቀና ስትል ከመተላለፊያው ጫፍ ቆሟል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«እንጃ። ቤት መዋል አቃተኝ።»

ፊቷን አዙራ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሁለቱም ይንጎራደዱ ጀመር፤ መጀመሪያ በተቃራኒ፣ ኋላ ጎን ለጎን።

ከአምስት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣች።

«አጥንቱ ራጁ ካሳየን በላይ ተበልቶ ነበር። አሮጌውን አውጥተን ጉድጓዱን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ብረት ሞላነው፤ አጥንቱ እዚያ ውስጥ ያድጋል። ረጅም ዘንግም ጤነኛው አጥንት ድረስ ዘልቆ እንዲይዘው አደረግን። እግራቸው ተርፏል።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ቀና ስትል እሱ የለም።

አባትየው እንደነቁ «ያ ልጅ የታለ?» አሉ።

«አልተቀየምከውም፣ አባዬ?»

«አርባ ዓመት በር ስገጥም ውስጡ የነቀዘ እንጨት ላይ ምስማር መትቼ አላውቅም መሰለሽ? ላዩ ደህና ነዋ! እኔ ግን ኋላ ባውቅም ለባለቤቱ አልተናገርኩም። እሱ ተናግሯል። ሂጂ ጥሪው!»

ደረጃው ላይ ደረሰችበት።

«አባዬ ይፈልግሃል።»

«አንቺስ?»

ዓይኗን ሰበር አደረገች። «እሱን ብቻ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ደረጃ የሮጥኩት?»

ጋብቻቸውን ለመፈራረም አባትየው ያለ ምርኩዝ እስኪቆሙ ስምንት ወር ጠበቁ። በዕለቱ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ምስክር ሆነው ለቀረቡት አባት ወንበር ብታቀርብ፣ አናጢው ገፋ አደረጉት።

«ተይው የኔ ልጅ፤ ለዛሬ ብዬ እኮ ነው ያንን ሁሉ የተቆረጥኩት!»