ያለ ጥፋቱ የታማ ማሽን

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። ከጥገና ጠረጴዛው ይነሳና የሱቁን የመስታወት በር ይወለውላል፤ ይመለስና የፈታውን ብሎን ያስራል፤ ያሰረውን ደግሞ ይፈታል። ባለሱቋ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው ያዩትና «በሩ ምን በደለህ? ልታሳሳው እኮ ነው» ይሉታል።

ያፍርና ይቀመጣል። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ግን እግሩ መልሶ ያስነሳዋል። ነርሷ ከጤና ጣቢያ ወጥታ የምትመጣው በዚያ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የመጣች ዕለት ዝናብ አባሯት እንጂ አስባበት የገባች አትመስልም ነበር። ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ዙሪያውን ስትቃኝ፣ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሦስት የቡና መቁያ ማሽኖች ዓይኗን ያዙት። ሌላ ገዢ ስለ ቀለማቸውና ስለ መጠናቸው ይጠይቃል። እሷ ግን «ጥዶት የሄደ ሰው ቢረሳው ራሱ ይጠፋል?» አለች።

ጠጋኙ በአምስት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ደክሟል፤ ቢሆንም መልሱን ሳያገኝ የሚነቀል ዓይን አልነበረም።

ነገሩ የእናቷ ጉዳይ ነው። እናትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡናቸውን በየማለዳው ራሳቸው ቆልተው የሚጠጡ ሴት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉንፋን መስሎ የመጣ ሕመም ማሽተታቸውን ይዞት ሄደ፤ ሕመሙ ለቀቃቸው፣ ሽታ ግን አልተመለሰላቸውም። ከዚያ ወዲህ ቡናው መጥበሻ ላይ ሲያርር አፍንጫቸው አይነግራቸውም። ከጎረቤት ጋር አንድ ወሬ ከጀመሩ ደግሞ ይረሱታል። በቅርቡ የወጥ ቤቱ መጋረጃ ተያይዞ፣ በመንገድ ያልፍ የነበረ ሰው ነው በባልዲ ውኃ ደርሶ ያጠፋው። ልጅቷ የተቆላ ቡና ልግዛልሽ ብትላቸው «እኔ ገና አልሞትኩም» ብለው ሁለት ቀን አኮረፏት።

ማሽኖቹ በሱቁ ውስጥ ቅጽል ስም ነበራቸው። ትንሹ ፍሬውን በሙቅ አየር እየነፋ ስለሚቆላ «አፏጩ» ይባላል። ሁለተኛው መጥበሻ ላይ በተገጠመ ክንድ ስለሚያማስል «አማሳዩ» ነው። ሦስተኛው ፍሬውን ከመስታወት በር ጀርባ እያሽከረከረ ይቆላና ሲበቃው ሙቀቱን ራሱ አጥፍቶ ራሱ ያቀዘቅዛል፤ እሱን «ባለመስኮቱ» ይሉታል። ጠጋኙ ሳይሞክሩ አይግዙ አላት። በየሳምንቱ ጥሬ ቡና ይዛ ብትመጣ በአንድ በአንዱ እየቆሉ ለእናቷ ማስቀመስ ይቻላል። ጥሩ ምክር ነበር። ምክሩ ውስጥ የራሱም ጥቅም እንዳለበት የገባው እሷ ወጥታ ሱቁ ጭር ሲልበት ነው።

በሁለተኛው ሐሙስ አፏጩን ሞከሩ። ገለባው እንደ ቢራቢሮ እየበረረ ሱቁን ሞላው፤ ባለሱቋ ራሳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳ ሸሹ። ነርሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ፀጉሯ ላይ የቀረውን ገለባ ሊያነሳላት እጁን ዘርግቶ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ የራሱን ጆሮ አከከ። እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

በሳምንቱ የእናቷን ፍርድ ይዛ መጣች። እናትየው የማሽተቱ ነገር ስለቀረባቸው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ነው የሚፈርዱት። ስለ አፏጩ «ላዩ በሰለ፣ ውስጡ ደነገጠ» ብለዋል። አማሳዩን ሞክረው ስትወስድላቸው ደግሞ «ይሄ ቡና ተደበደበ እንጂ አልተቆላም» አሉ። ጠጋኙ እኚህን ሴት ገና ሳያያቸው ወደዳቸው። «እርስዎ» መባባሉም በዚያው ቀረ። እሷ መርፌ ፈርተው ከአልጋ ሥር ስለሚደበቁ ጎልማሶች ታወራዋለች፤ እሱ ሶኬት ሳይሰኩ «ተበላሸብን» ብለው ዕቃ ተሸክመው ስለሚመጡ ሰዎች ይነግራታል። ስትሄድ የቀረው ቀን አይመሽለትም።

በአራተኛው ሐሙስ ተራው የባለመስኮቱ ሆነ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር ተመለከቱ። የሁለቱም ፊት መስታወቱ ላይ ተጠጋግቶ ይታያል። ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። ከዚያ ሙቀቱ በራሱ ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው በራሱ ተነሳ፣ ቆይቶም ሁሉ ነገር በራሱ ጸጥ አለ።

«የፈለግሁት እንዲህ ያለውን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠቅልልልኝ።»

በዚያች ቅጽበት ለጠጋኙ የታየው ማንም የማይመጣበት ሐሙስ ነው። ምላሱ ከልቡ ቀደመ። «ይሄኛው እንኳን… ማጥፊያው አልፎ አልፎ አልሠራ ይላል» አላት።

ውሸት ነበር። ማሽኑን በገዛ እጁ ፈትቶ ገጥሞታል፤ ስንቴ እንደቆላበት ራሱም አያውቀውም፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠፋ ቀርቶ አያውቅም።

ነርሷ ማሽኑን ሳይሆን መሬቱን አየች። «እንግዲያው አልሄድም ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

የት እንደሆነ ሲጠይቃት ነው ነገሩን ያወጣችው። በሌላ ከተማ የሁለት ዓመት የአዋላጅነት ትምህርት ተፈቅዶላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ነው። እናቷን ግን ከእሳት ጋር ብቻቸውን ትታ መሄድ አትችልም። የሚታመን ማሽን ካገኘች ትሄዳለች፤ ካላገኘች ትቀራለች። መልስ የምትሰጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያኔውኑ «ዋሸሁሽ» ቢል ያበቃ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ከተናገረ እንደ ውሸታም አይታው ነው የምትሄደው፤ ያውም ሁለት ዓመት። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት ሲል አንዱ ሳምንት በሌላው ላይ ተደራረበ። እሷ ሌሎች ሱቆች ዞራ መጣች፤ አፏጩን እንደገና አስቆላች፤ ክስት አለች። እሱም ምግብ አልወርድ፣ አልጋው አልመች አለው። የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ብሎን እየተረፈው ባለሱቋን አስጨነቃቸው።

በሰባተኛው ሐሙስ ቡና ሳትይዝ መጣች። ላመሰግንህ ነው የመጣሁት አለችው። የእምቢታዋን ደብዳቤ ጽፋለች፤ ነገ ጠዋት ለአለቃዋ ትሰጣለች።

«ሌላው ሻጭ ሁሉ የያዘውን ሊያሸክመኝ ነው የሚለፈልፈው» አለች። «የገዛ ዕቃህን ጉድለት የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

እጇን ዘረጋችለት። ሲጨብጣት ስለት የጨበጠ መሰለው። አንድ ቃል ሊወጣው ከንፈሩ ተላቀቀ፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ ማቅረሩን እንዳያይባት ብላ ፈጥና ወጣች።

ባለሱቋ ጠጋኙ ያለ ሥራ ሲንጎራደድ አይተው ምን ነካህ ቢሉት ሁሉንም ዘረገፈላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕቃዬን አማህብኝ?» አሉ። «ማማቱ ካልቀረልህ አፏጩን አታማም ነበር? እሱስ ይገባዋል።» ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። እሳቸውም በዕድሜያቸው አንድ ያልሄዱበት መንገድ እንዳለ፣ የከለከላቸው ሰው በፍቅር እንደከለከላቸው፣ ስሙን ሲሰሙ ዛሬም እንደሚመርራቸው ነገሩት። ባለመስኮቱን ከመደርደሪያው አውርደው ፊቱ አስቀመጡለት። ጠዋት ተሸክሞ እንዲሄድ፣ ሳይናገር ግን እንዳይመለስ አዘዙት።

ልጅቷ ጥሩ ማሽን ሲመጣ እንዲያሳውቋት ብላ ቤቷን በወረቀት ጽፋ ትታ ነበር። ጠጋኙ በማለዳ ያንን ይዞ፣ ማሽኑን በትከሻው ተሸክሞ በሩን አንኳኳ። የከፈቱት እናትየው ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ማማሰያ የያዙ፣ ከእግር እስከ ራሱ የሚመረምሩት ሴት።

«እኛ ያዘዝነው ዕቃ የለም» አሉት።

«ጠጋኙ ነኝ፣ እማማ።»

«አሃ። ልጄን ሐሙስ ሐሙስ የምታስመሽብኝ አንተ ነሃ።»

ነርሷ ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ ፖስታውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ጠጋኙ ሸክሙን ሳያወርድ ተናገረ። ቢያወርደው ድፍረቱም አብሮ የሚወርድ መስሎት ነበር።

«ማጥፊያው ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ዋሸሁሽ።»

«ለምን?»

«ከገዛሽ አትመጪም ብዬ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ሦስት ሳምንት» አለች። «እናቴን እንደ ሕፃን ስቆጣ፣ ዓይኔ ሳይከደን ሲነጋ፣ አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

እናትየው አንዱን ካንዱ እያዩ፣ «ሰውየው ሸክሙን ይዞ በር ላይ ከሚውል አስገቢውና ቤት ውስጥ ተጣሉ» አሏት።

ጠጋኙ በቃሌ እመኚኝ አላለም። ቃሉ ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል። ማሽኑን ሰካ፣ ፍሬውን ጨመረ፣ አበራውና ሦስቱም ቤቱን ዘግተው ደጅ እንዲቆሙ ለመነ። ማንም እንዳይነካው፣ እንደተረሳ እንዲሆን። እናትየው በአምስተኛው ደቂቃ በሩን ሊከፍቱ ተነሱ።

«እንደረሱት ይሁኑ እንጂ፣ እማማ።»

«ረስቼዋለሁ እኮ። ምን እንደደረሰ ማየት ፈለግሁ እንጂ።»

ነርሷ ዓይኗን ከሰዓቷ ላይ አላነሳችም። ጠጋኙ ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ። ፍሬው ሲንጣጣ እስከ ደጅ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ የጠፋ ይሁን የተቃጠለ ማንም አላወቀም።

«እውነቱን ስለነገርከኝ ነበር የወደድኩህ» አለችው፣ ሳታየው። «ለካ ውሸቱ እሱ ኖሯል።»

ጠጋኙ በሩን ከፈተላት።

ሲገቡ ማሽኑ ጠፍቶ ፍሬው ቀዝቅዞ ነበር። እናትየው አንዷን በጥርሳቸው ሰብረው ቆይተው «የኔን አያህልም» አሉ፤ «ቤቴን ግን አያቃጥልም።» ነርሷ ፖስታውን ለሁለት፣ ቀጥሎም ለአራት ቀደደችው።  ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረች።

«ማሽኑን አምኜዋለሁ። አንተን ግን ገና አልሞከርኩህም።»

«ሞክሪኝ» አላት።

ሙከራው ይህ ሆነ። እናትየው ትኩሳት ላይ ሆነው እንኳ በስልክ «ደህና ነኝ» የሚሉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ጠጋኙ በየእሑዱ ሄዶ ሊያያቸውና ያየውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊነግራት ተስማሙ። እናት ያለው፣ ያችንም እናት ትቶ የሄደ ሰው ይህ አደራ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት ሄደች።

በየእሑዱ የማሽኑን ገለባ ያራግፋል፣ ከእናትየው ጋር ይጨቃጨቃል፣ ይደውላል። ዛሬ ጥደውት ጎረቤት ሄዱ፤ ራሱ ጠፋ ይላታል። ዛሬ አልበሉም ይላታል። ስለ ራሱ አያወራም። «ናፍቀሻቸዋል፣ ነይ» የምትለዋ ቃል በየሳምንቱ ጉሮሮው ላይ ትመጣለች፤ ማን እንደናፈቀ ስለሚያውቅ ይውጣታል።

በሄደች በስምንተኛው ወር እናትየው ደረጃ ላይ ተንሸራተው እግራቸው ወለም አለ። ጠጋኙ ሲደርስ ሐኪም ዘንድ ታይተው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። ስልኩን ሲያወጣ ክንዱን ያዙት።

«ትንሽ አክብደህ ንገራት» አሉት በሹክሹክታ። «ናፍቃኛለች። አንተንስ አልናፈቀችህም?»

 አንድ ቃል ብቻ ቢጨምር ነገ ማታ እዚሁ ክፍል ውስጥ ትቆማለች። ፈተናዋ ግን በዚህ ሳምንት ነው። ስልኩን አንስታ «እሺ?» አለች። ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ነገራት።

«ተንሸራተው እግራቸው ወለም ብሏል። አልተሰበረም፤ ሐኪም አይቶታል። በሁለት ሳምንት ይራመዳሉ። አትምጪ፣ ፈተናሽን ጨርሺ።»

እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩበት። 

«አትምጪ አልከኝ?»

«አዎ።»

«አንተስ እንድመጣ ትፈልጋለህ?»

ቆመ። «እፈልጋለሁ» አላት። «ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ እፈልጋለሁ። እሱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው።»

 ከዚያ ፈተናው ሐሙስ እንደሚያልቅ፣ ዓርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንደምትመጣ፣ መናኸሪያ ወጥቶ እንዲጠብቃት ነገረችው። «እማዬ ለሷ የመጣሁ እንዳይመስላት» አለች። «የምመጣው ላንተ ነው።» ዘጋችው።

እናትየው ከግድግዳው ዞሩ። «ምን አለች?»

«ዓርብ ትመጣለች።»

«ለኔ ብላ?»

ጠጋኙ ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ፊታቸውን አየ። ደስ ያለው ፊት ነበር፤ ደስታቸውን ሊነጥቅ አልፈለገም። ሊዋሽም አልፈለገም።

«አይደለም፣ እማማ» አላቸው።

እናትየው እግራቸውን እያመማቸው ሳቁ። «እስከዛሬ ከነገርከኝ እውነት ሁሉ» አሉ፣ «የሚበልጠው ይሄ ነው።»