ፀሐይና ጨረቃ ያለበት ድንጋይ

«ገና ነው?» አለች ሬኑካ።

«ደርሰናል አልኩሽ እኮ።»

«ቅድምም እንደዚሁ ብለሽ ነበር!»

ቱንጋ ብስክሌቷን ከሙዝ እርሻው ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር አስደግፋ ቆለፈችና ወደ ኋላዋ ተገላምጣ አየች። ማንም የለም። ከእርሻው ወዲያ የመስኖው ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ መንደራቸው ይታያል። አያቷ አባባ ሶማና በዚህ ሰዓት ምሳቸውን በልተው ሸለብ አድርጓቸው ይሆናል። ሲነቁም የልጅ ልጃቸው ቱንጋ ጓደኛዋ ሬኑካ ቤት ሒሳብ እያጠናች ይመስላቸዋል፤ እሷው ናት እንዲያ ብላ የወጣችው።

ወደ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ የሚወስደው መንገድ መንገድ ተብሎ የሚጠራ አይደለም። ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች በተደራረቡበት ኮረብታ መሀል፣ አንዱን በግራ ሌላውን በቀኝ እየተዉ፣ አንዳንድ ቦታም በሆድ እየተሳቡ ነው የሚታለፈው። የቱንጋ ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን ዘይትና አበባ ይዞ ይወጣበታል። ከቤተሰቡ ውጭ ሰው ይዞ መሄድ ግን ክልክል ነው። አባባ ሶማና ምክንያቱን ሲጠየቁ «የሰው ዓይን ብዙ ነው» ብለው ያልፉታል።

ታዲያ ቱንጋ ለምን ሬኑካን ይዛ መጣች? ሬኑካ የታሪክ መምህሯ ስለ ጥንት ቅርስ ጽፋችሁ ከነፎቶው አምጡ እንዳላቸው ነግራታለች። የሚማሩት በተለያየ ክፍል ስለሆነ ቱንጋ ነገሩን አልተጠራጠረችም። ሌላው ምክንያት ግን ለማንም የሚነገር አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ድምጽዋ የሚያምረው ሬኑካ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ሰው «ያቺ የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጠይቀው ስለ ሬኑካ ነው። ቱንጋ ደግሞ «የሬኑካ ጓደኛ» ናት፤ በቃ። አንድ ቀን እንኳ እሷም በተራዋ «ነይ ላሳይሽ» የምትለው ነገር እንዲኖራት ፈልጋ ነበር።

«ስሚማ፣ ትራክተር እዚህ ድረስ ይገባል?» አለች ሬኑካ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለች።

«ትራክተር? ፍየል እንኳ በመከራ ነው የምትገባው። ምነው፣ ልታርሺ አሰብሽ?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ማታ ማታስ ዘበኛ ምናምን አለ?»

«ምን ሆነሻል ዛሬ? ጥያቄ አበዛሽ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ለጽሑፉ ነው።»

ሬኑካ ይህን ብላ ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳችና ፊቷን አጨማደደች። ኔትወርክ የለም። ከቦዩ ድልድይ ወዲህ ኖሮም አያውቅም። እንዲያም ሆኖ በየደቂቃው ታወጣዋለች፣ ታያለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ቱንጋ ደግሞ በየደቂቃው ወደ ኋላዋ ትገላመጣለች። ሁለቱም ለመዝናናት የወጡ አይመስሉም ነበር።

የመጨረሻውን ቋጥኝ ሲያልፉ ቤተ መቅደሱ ብቅ አለ። ጣሪያው ከተደረመሰ ዘመናት አልፈዋል። ፈረስ የተቀረጸባቸው ጥቂት ምሰሶዎች ብቻ ቆመዋል፤ በላያቸው ላይ ጅራታቸውን ቁልቁል የለቀቁ ጦጣዎች ተቀምጠው እንግዶቹን በትዝብት ያያሉ። በሩም የለም። የበሩ ደፍ ግን አለ። ቱንጋ እሱ ጋ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች።

«በር ለሌለው ቤት ጫማ ይወለቃል እንዴ?»

«ደፉ አለ አይደል? አውልቂ።»

ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ እግር ይልጣል። ሁለቱም እየዘለሉ፣ እየሳቁ፣ ጥላ ወዳለበት ጥግ ሮጡ። ቱንጋ ልታሳያት የፈለገችው ድንጋይ እዚያ ነው የቆመው። ቁመቱ ከቱንጋ ደረት አይበልጥም። ከታች በኩል የተቀረጸ ሰይፍ የያዘ ሰው በላሞች ተከቦ ይዋጋል። ከሱ በላይ ሁለት ሴቶች ክንዱን ይዘው ወደ ሰማይ ያወጡታል። ከዚያም በላይ ያው ሰውዬ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ አርፏል። ከሁሉም በላይ ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል።

«ይሄ ሰውዬ የኛ ዘር ነው» አለች ቱንጋ። ድምጿ ሳታስበው ከፍ ብሏል። «የመንደሩን ላሞች ሊነዱ ከመጡ ሌቦች ጋር ሲዋጋ ነው የሞተው።»

«ደሞ ቁርጥ አንቺን! አፍንጫው ላይ።»

«አፍንጫው እኮ ተሸርፏል!»

«ለዛ ነዋ!»

ቱንጋ ገፋ አደረገቻት። ሬኑካ በሳቅ ፈረሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ ከልቧ የሳቀችው የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥላ ስልኳን አወጣች። «በይ እዚያ ጋ ቁሚ። ፀሐይና ጨረቃውን በጣትሽ አሳዪ። እንደሱ! ሳቂ እንጂ፣ ምን ያኮሳትርሻል?» ቱንጋ ሳቀች። ሬኑካ እሷን አነሳች፤ ድንጋዩን አነሳች፤ የድንጋዩን ሥር፣ መሬቱን፣ የመጡበትን መንገድም አነሳች።

ምሳቸውን በሉ። የማሽላ ቂጣና የለውዝ ድልህ ነው፤ ቱንጋ ከቤት ደብቃ ያመጣችው። አንዱ ጦጣ ቀረብ ቀረብ ማለት ሲያበዛ ተነስታ እስከ ምሰሶዎቹ ድረስ አባረረችው። ስትመለስ ሬኑካ በጉልበቷ ተንበርክካ ከድንጋዩ ሥር አንዲት ሎሚ ስታስቀምጥ አገኘቻት።

«ለሎሚው ጨው አምጥተሻል?» አለች ቱንጋ።

ሬኑካ ደንግጣ ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው ቱንጋ ሎሚዋን በደንብ ያየቻት። ግማሽ ጎኗ በቀይ ዱቄት ተቀብቷል።

በዚያ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ይህች ሎሚ ምን እንደሆነች ያውቃል። የተቀበረ ወርቅ የሚፈልግ ሰው ጠንቋይ የደገመበትን ሎሚ በመጀመሪያ ይልካል፤ ሎሚዋ ወደተንከባለለችበት ይቆፈራል ይባላል። ባለፈው ዓመት ሩዝ ማሳው ዳር ለዘመናት ተኝቶ የኖረው የድንጋይ ወይፈን አንድ ጠዋት ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ከሥሩ ትልቅ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ እንዲህ ቀይ የተቀቡ ሎሚዎች ነበሩ። አባባ ሶማና ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አትሸውጂኝ ሬኑካ! የታሪክ መምህሩ ሎሚ አምጡ ነው ያላችሁ?»

ሬኑካ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በቀሚሷ ጫፍ ቀዩን ከጣቶቿ መጥረግ ጀመረች። «ኒንጋፓ ነው» አለች በመጨረሻ። ኒንጋፓ ታላቅ ወንድሟ ነው። «ጠንቋዩ ፀሐይና ጨረቃ ያለበት ድንጋይ ካገኘህ ከሥሩ ወርቅ አለ ብሎታል። እኔ ደግሞ አንቺ ባለፈው ስለ ድንጋዩ ስታወሪ ሰምቼ...»

«ሄደሽ ነገርሽው!»

«ስሚኛ መጀመሪያ!»

«ወርቅ የለም! ፀሐይና ጨረቃ ማለት እነሱ እስካሉ ድረስ ይህ ሰው አይረሳም ማለት ነው። አባባ ስንቴ ነግረውኛል!»

«አባባሽ ወርቁን ለራሳቸው ደብቀውት ቢሆንስ?»

ቱንጋ እጇ ተነሳ። አልመታቻትም፤ ግን ልትመታት ምንም አልቀራትም። ሬኑካም የተናገረችው ነገር መልሶ ራሷን ሳያስደነግጣት አልቀረም፤ ድንጋዩ ሥር ቁጭ አለች።

«አባቴ ከአሥረኛ ክፍሉ ፈተና በኋላ ትምህርት በቃሽ ብሎኛል» አለች ቀስ ብላ። «አሥረኛ ክፍል ለሴት ይበዛል አለ። ከእናቴ ጋር ሙዝ ስሸከም ልከርም ነው። ኒንጋፓ ወርቁን ካገኘሁ ኮሌጅ አስገባሻለሁ ብሎኛል፤ ሆስፔት ከተማ፣ ሴቶች ብቻ የሚያድሩበት ግቢ ያለው። ምን ላድርግ? ንገሪኛ፣ ምን ላድርግ?»

ሬኑካ ኮሌጅ እገባለሁ ማለት የጀመረችው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ቱንጋ ራሷ ሒሳብ የምታጠናው ሬኑካን ተከትላ አብራ ለመግባት ነበር። ከሬኑካ ጋር ትምህርት ቤት የማትሄድበትን ዓመት በዓይነ ሕሊናዋ ለማየት ሞከረች፤ አልታይ አላት። ደግሞ ሰይፍ ወደያዘው ሰውዬ አየች። እሱም ለሁለት ተሰንጥቆ ታያት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታመጪኝ ነበር?»

«አላመጣሽም።»

«እና?»

«ፎቶዎቹን አጥፊያቸው።»

«አላጠፋም» አለች ሬኑካ፤ እንባዋ ግን ወርዷል።

ቱንጋ ሎሚዋን አንስታ ኪሷ ከተተችና ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። ቁልቁለቱን ወረዱ። ቱንጋ ከፊት እየሄደች ልቧ ከድልድዩ ላይ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ኔትወርክ አለ፤ አንድ ጣት ብቻ ይበቃል፣ ፎቶዎቹ ኒንጋፓ ጋ ይደርሳሉ።

ብስክሌቱ ጋ ሲደርሱ ሬኑካ እንደ ልማዷ ከኋላ ተፈናጠጠች። ቱንጋ መርገጥ ጀመረች። ሙዝ እርሻውን አልፈው ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሬኑካ «አንዴ አቁሚልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ» አለች። ቦርሳዋን ከፊት ካለው ቅርጫት ውስጥ ጣል አድርጋ ወደ ቦዩ ወረደች።

ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ድምፅ አሰማ። ቱንጋ ወደ ቦዩ አየች። ሬኑካ ጀርባዋን ሰጥታ ውኃ ፊቷ ላይ ትረጫለች። ቱንጋ ስልኩን አወጣች፤ የሬኑካን የመክፈቻ ቁጥር ከራሷ ስም እኩል ታውቀዋለች። መጀመሪያ የወጣው የራሷ ፎቶ ነው። አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ጣቷ ፀሐይና ጨረቃው ላይ ነው። ኒንጋፓ ቦታውን ቢጠይቅ የምታሳየው እሷው ናት ማለት ነው፤ የዚያ ሁሉ ዘመን ምሥጢር፣ በገዛ ጣቷ! እፍረት ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

ማጥፋት ቀላል ነበር። አውራ ጣቷም እዚያው ተዘጋጅቷል። ግን ፎቶው ቢጠፋ መንገዱ ከሬኑካ ጭንቅላት ይጠፋል? ነገ ኒንጋፓን እየመራች ብትወስደውስ? ደግሞስ ተደብቃ ከወጣች፣ ተደብቃ ካጠፋች፣ ከሬኑካ በምን ትሻላለች? ስልኩን ወደ ቦርሳው መለሰችው።

ሬኑካ ፊቷን በሻርፗ እየጠረገች መጣች። ቦርሳዋ እንደተወችው አለመሆኑን ሳታይ አልቀረችም። «አጠፋሻቸው?» አለች።

«አላጠፋኋቸውም።»

«ለምን?»

«ስልኩ ያንቺ ነው።»

ሬኑካ ስልኩን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንዲሁ በእጇ እንደያዘችው ተፈናጠጠች። ፎቶዎቹን ልካ ይሁን አይሁን ቱንጋ አላወቀችም፤ ዞራ ለመጠየቅም አልደፈረችም። ጥቂት እንደሄዱ ስልኩ ጮኸ።

«ኒንጋፓ ነው» አለች ሬኑካ።

ቱንጋ መርገጧን ቀጠለች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ራሱ ዝም አለ።

መንደሩ መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ሬኑካ ቤት ይወስዳል። የቀኙ ወደ ትልቁ ዋርካ ነው፤ ከሥሩ ባለው መደብ ላይ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ በረድ ሲል ይሰበሰባሉ። የአባባ ሶማና ነጭ ጥምጥም ከሩቅ ታየ። ቱንጋ ብስክሌቱን አቁማ አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች።

«እኔ ዋርካው ጋ ልሄድ ነው» አለች ወደፊት እያየች። «ለአባባ ልነግራቸው። ዋሽቼ መውጣቴን፣ አንቺን መውሰዴን፣ ሎሚዋንም።»

«ኒንጋፓ ይገለኛል!»

«ስለ ትምህርቱም እነግራቸዋለሁ። አባትሽን ደፍሮ የሚናገር ሰው በዚህ መንደር ካለ እሳቸው ናቸው። ግን መጀመሪያ እኔን ነው የሚቆጡት። ምናልባት ከዚያ በኋላ ምንም አይሰሙኝ ይሆናል። አላውቅም።»

ቱንጋ አሁንም ወደ ኋላ አልዞረችም።

«መውረድ ከፈለግሽ እዚህ ውረጂ፣ ሬኑ። አልቀየምሽም።»

አልቀየምሽም ያለችው ውሸቷን ነው፤ ትቀየማታለች፣ በጣም ትቀየማታለች። ግን ደግማ አላስተካከለችውም። ኪሷ ውስጥ ሎሚዋን ጨበጥ አደረገቻት፤ እጇ መቅላቱ አይቀርም። ስልኩ እንደገና መጮኽ ጀመረ። ቱንጋ እጀታውን ወደ ቀኝ አዞረችና ሬኑካ ወርዳ ብስክሌቱ ቀለል እስኪላት ጠበቀች።

አልቀለላትም። ስልኩ ከኋላዋ እየጮኸ፣ ያንኑ ክብደት ይዛ ወደ ዋርካው መርገጥ ጀመረች።